የእናቲቱ ጥፋት አይደለም፦ ያለ ጊዜያቸው በሚወለዱ ሕፃናት ላይ ስለሚደርሰው የአንጀት በሽታ ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ስለሚያጠቃ ከባድ የአንጀት በሽታ ያትታል። ጉዳዩ መነሣቱ መልካም ነው፤ ስለዚህ በሽታ በአማርኛ የተጻፈ ነገር እምብዛም የለም። ጽሑፉ ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ በሽታው የሚጸነሰው በማህፀን ነው። የእናቲቱ የደም ግፊት ያመጣዋል። በእትብቱ በኩል የሚያልፈው ደም የቀነሰበት ሕፃን አንድ ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር በአፉ መግባት የለበትም። የእንሽርት ውሃዋ ቀድሞ ለፈሰሰ እናት «ጠንከር ያለ» አንቲባዮቲክ፣ ማለትም ኦግመንቲን ይታዘዝላት፤ ልጇም እንደተወለደ ለሰባት ቀን አንቲባዮቲክ ይወጋ። ለሳንባ ተብሎ ለነፍሰ ጡሯ የሚሰጠው ስቴሮይድ አንጀት ይበሳልና ይቅር። በኦፕሬሽን መውለድና የእናቲቱ አመጋገብም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ተራ በተራ እንመልሳለን። ከጸሐፊው ጋር የምንለያይበትን ዋና ነገር ግን አስቀድመን እንናገር። የእርግዝናው ታሪክ የሚነግረን የትኛውን ሕፃን ከሌላው ይበልጥ በቅርብ መከታተል እንዳለብን ነው። ጉዳቱ የሚሰፋውም የሚጠበውም ያንን ታሪክ ይዘን ከወሊድ በፊትና በኋላ በምንወስነው ነገር ነው። ከጽሑፉ ምክሮች መካከል ሦስቱ ሕፃኑን ሊጠብቁት ቀርቶ በዚሁ በሽታ የመያዝ ዕድሉን ሊጨምሩ የሚችሉ በመሆናቸው ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

«በሽታው የሚጀምረው በማህፀን ነው»

በሽታው ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይቲስ ይባላል፤ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ባጭሩ ኔክ ነው የሚሉት። የአንጀቱ ግድግዳ ይቆጣል፣ ደም ያጥረዋል፣ ሲብስ ሥጋው ይሞትና ይበሳል። ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በትንሹ አንጀት መጨረሻና በትልቁ አንጀት መጀመሪያ ላይ ነው። የተሟላ ሕክምና ባላቸው አገሮች ከ1500 ግራም በታች ሆነው ከሚወለዱት ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ከተያዙት ደግሞ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ይሞታሉ። ቀዶ ሕክምና ላይ የሚደርሱት ሞት ከዚህም ይበልጣል።

አሁን ጊዜውን እንይ። በ26 ሳምንት የተወለደ ሕፃን በኔክ የሚያዘው አብዛኛውን ጊዜ ከተወለደ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ወራቱ ወደ መድረሱ የተጠጋው ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሊታመም ይችላል። ከአሥር ታማሚዎች ዘጠኙ ምግብ ከጀመሩ በኋላ የታመሙ ናቸው። በሽታው በማህፀን ውስጥ ተጀምሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ቀን ምን ይሠራ ነበር? በዚያ መካከል የሆነው ነገር ባክቴሪያ ባዶ የነበረውን አንጀት መውረሱና ወተት መግባቱ ነው። ያልጠነከረው አንጀት ሽፋን ላይ ባክቴሪያን የሚለይ ቲኤልአር-4 የሚባል ተቀባይ በብዛት ይገኛል፤ ይህ ተቀባይ ከልክ በላይ ሲነቃ የሽፋኑ ሕዋሳት ይሞታሉ፣ የሚተኩት አዳዲስ ሕዋሳትም ይዘገያሉ፣ ወደ አንጀቱ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። የእናት ወተት ይህን መነቃቃት ያበርዳል። እንግዲህ ማህፀኑ መሬቱን ሊያሳሳ ይችላል፤ ምን እንደሚዘራበት የሚወሰነው ግን ከወሊድ በኋላ ነው።

«የደም ግፊት ያለባት እናት ልጅ በኔክ ይያዛል»

ጸሐፊው እዚህ ላይ የሳቱት የማነጻጸሪያው ጉዳይ ነው። በፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም በእርግዝና ጊዜ በሚመጣ የደም ግፊት ሕመም ምክንያት፣ በ29 ሳምንት የተወለደን ሕፃን ከማን ጋር ነው የምናስተያየው? በ29 ሳምንት ከሚወለዱት መካከል ጤነኛ እርግዝና የነበረው የለም። ሌላኛው ሕፃን የተወለደው ኢንፌክሽን ስለገባ፣ እንግዴ ልጁ ስለተላቀቀ ወይም መንታ ስለነበር ነው። ስለዚህ ጥናቶቹ የሚያነጻጽሩት አንዱን ሕመም ከሌላው ሕመም ጋር ነው፤ ውጤታቸው አንዱ «ይጨምራል»፣ ሌላው «ለውጥ የለውም» የሚለውም በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። የደም ግፊቱን ብቻውን ነጥሎ «ምክንያቱ ይህ ነው» ማለት አይቻልም።

ከግፊቱ ጋር አብሮ የሚመጣው የደም እጥረት ግን እውነተኛ ነገር ነው። እንግዴ ልጁ በደንብ ሳይሠራ ሲቀር ፅንሱ ያለውን ደም ለአንጎል፣ ለልብና ለአድሬናል ዕጢ ያስቀድማል፤ የሚቀነስበት አንጀቱ ነው። ይህ በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታያል፦ ልብ በሚያርፍበት ቅጽበት በእትብቱ ደም ወሳጅ ውስጥ የሚሄደው ደም ይቆማል፣ ሲብስም ወደ ኋላ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የጥናቶች ድምር ትንተና እንዲህ ዓይነት ዶፕለር የታየባቸው ሕፃናት በኔክ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ በሁለት እጥፍ ገደማ የሚበልጥ መሆኑን አሳይቷል። ከተወለዱም በኋላ ወደ አንጀት የሚሄደው ደም ለቀናት አነስተኛ ሆኖ ይቆያል። በዚህ ነጥብ ጸሐፊው ልክ ናቸው። የሚሳሳቱት ከዚያ ባወጡት መደምደሚያ ነው።

«እንዲህ ያለ ሕፃን ለአንድ ሳምንት አይመገብ»

ይህ ምክር ሲሰሙት ያሳምናል፤ ደም ያነሰውን አንጀት ማሳረፍ ማን ይጠላል? ለዓመታት በብዙ አገሮች የተሠራበትም ስለዚህ ነው። ከዚያ ግን ተፈተነ። በእንግሊዝና በአየርላንድ ሆስፒታሎች የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው አዴፕት የተባለ ጥናት ከ35 ሳምንት በፊት የተወለዱ፣ ክብደታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰና ዶፕለራቸው የተበላሸ 404 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ በሁለተኛው ቀን፣ ግማሾቹ በስድስተኛው ቀን ወተት ጀመሩ። ቀድመው የጀመሩት ሙሉ ምግብ ላይ የደረሱት በ18 ቀን ሲሆን የዘገዩት በ21 ቀን ነበር። በኔክ የተያዙት በቅደም ተከተል 18 እና 15 በመቶ ነበሩ፤ ይህ ልዩነት በስታቲስቲክስ ሚዛን ከአጋጣሚ የማይለይ ነው። መዘግየቱ ኔክን አልከለከለም፤ እንዲያውም ከጉበት ጋር የተያያዘ ቢጫነት በዘገዩት ላይ በዛ። በዚያው ጥናት ከ29 ሳምንት በፊት የተወለዱት ቀድመውም ይጀምሩ ዘግይተው ከሌሎቹ በብዙ ይበልጥ ታመዋል፤ ለእነርሱ ጥንቃቄው መጠኑን በማሳደጉ ላይ እንጂ በመከልከሉ ላይ አይደለም።

በኢትዮጵያ ደግሞ አንድ ሳምንት ማስራብ ከዚህ የከፋ ትርጉም አለው። በአብዛኞቹ ሆስፒታሎቻችን በደም ሥር የሚሰጥ ሙሉ ምግብ፣ ማለትም ፕሮቲንና ስብ ያለው፣ አይገኝም። ወተት የተከለከለ ሕፃን የሚያገኘው ግሉኮስ ብቻ ነው። ክብደቱ ይወርዳል፣ ስኳሩ ይዋዥቃል፣ ሙቀቱን መያዝ ያቅተዋል፣ በደም ሥሩ የገባው ቀጭን ቱቦ (ካኑላው) በየቀኑ እየተቀያየረ ለኢንፌክሽን በር ይከፍታል፣ ያልተመገበው አንጀትም ሽፋኑ ይሳሳል። ከ2016 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የተካሄደው ጥናት ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል የገቡ 3852 ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ተከታትሎ 1109ኙ በ28 ቀን ውስጥ ማረፋቸውን አሳይቷል። ከሞቱት 45 በመቶው በመተንፈስ ችግር፣ 30 በመቶው በሴፕሲስ (ደም ውስጥ በገባ ኢንፌክሽን)፣ በሳንባ ምችና በማጅራት ገትር ነው የሞቱት፤ በ69 በመቶው ሞት ደግሞ የሰውነት መቀዝቀዝ አጋዥ ምክንያት ነበር። ሕፃኑን ከኔክ እናድናለን ብለን ብናስርበው የምናቀርበው ለእነዚህ ነው።

ታዲያ እንዴት ይመገብ? በቁጥር እንየው። 1200 ግራም የሚመዝን ሕፃን አለ እንበል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንጀትን ለማለማመድ በኪሎ በቀን 20 ሚሊ ሊትር ቢሰጠው 24 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በየሁለት ሰዓቱ ሲከፋፈል በአንድ ጊዜ 2 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ በኪሎ በቀን 20 ሚሊ ሊትር እየጨመሩ መሄድ ማለት እያንዳንዱ ምግብ በየቀኑ በ2 ሚሊ ሊትር ማደግ ነው። በዚህ አካሄድ በኪሎ 150 ሚሊ ሊትር ላይ፣ ማለትም በየሁለት ሰዓቱ 15 ሚሊ ሊትር ላይ፣ ማሳደግ ከጀመረ ከሳምንት ባልበለጠ ጊዜ ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ምግብ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በተቻለ ፍጥነት እንዲጀመርና በቀን እስከ 30 ሚሊ ሊትር በኪሎ መጨመር እንደሚቻል ይመክራል። ሲፍት የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ጥናት 2804 ሕፃናትን በቀን 18 እና 30 ሚሊ ሊትር በኪሎ እየጨመረ ሲያስተያይ የኔክ ልዩነት አላገኘም፤ 5.6 እና 5 በመቶ ነበር። ዶፕለሩ ለተበላሸና ከ29 ሳምንት በታች ለሆነ ሕፃን እኛ የምንመርጠው ዝቅተኛውን ፍጥነት ነው፤ ቶሎ መጀመር፣ ቀስ ብሎ ማሳደግ።

ምግብ የሚያስቆመውንና የማያስቆመውን መለየት ላይ ብዙ ስሕተት ይሠራል። በቱቦው ተመልሶ የመጣ ጥቂት የወተት መልክ ያለው ፈሳሽ ብቻውን ምግብ አያስቆምም፤ በየምግቡ ሆድ ውስጥ የቀረውን እየሳቡ መለካትም ከማዘግየት በቀር ጥቅም አልታየበትም። የሆድ ዙሪያ በሜትር ሲለካ ሁለት ነርሶች በሁለት ቦታ ሊለኩት ይችላሉና ቁጥሩን ብቻ ማመን አይገባም፤ ሆዱ ለስላሳ ነው ወይስ ተወጥሯል የሚለው ይበልጣል። የሚያስቆመው አረንጓዴ ትውከት፣ ሰገራ ላይ የሚታይ ደም፣ የተወጠረና ሲነካ የሚያመው ሆድ፣ እንዲሁም ከሆዱ መነፋት ጋር አብሮ የሚመጣ ትንፋሽ ማቋረጥና የሙቀት መዋዠቅ ነው። እነዚህ ሲታዩ ምግቡ ይቁም፤ ወፈር ያለ ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራው ይራገፍ፤ ደም ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያ ይበቅልበት እንደሆነ ለሚታይበት ምርመራ፣ ተወስዶ አንቲባዮቲክ ይጀመር፤ ራጅ በጀርባው ተኝቶና በግራ ጎኑ ተኝቶ ይነሣ። ራጁ ላይ በአንጀቱ ግድግዳ ውስጥ እንደ አረፋ የተደረደረ አየር ከታየ ኔክ ነው። በግራ ጎን ሲነሣ ጉበቱ ላይ የተንሳፈፈ አየር ከታየ ደግሞ አንጀቱ ተበስቷል፤ ቀዶ ሐኪም በዚያው ሰዓት ይጠራ። የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ ነው ተብሎ መተኛት አደገኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን በየ6 ወይም በየ8 ሰዓቱ ይደገማል፤ በሽታው በአንድ ሌሊት ሊለወጥ ይችላልና።

«ውሃዋ ለፈሰሰ እናት ኦግመንቲን ይሰጣት»

ከጽሑፉ ሁሉ ያስደነገጠን ይህ ነው።

ምጥ ሳይመጣና ወራቱ ሳይደርስ የእንሽርት ውሃ ሲፈስ አንቲባዮቲክ መስጠት ትክክል ነው፤ እርግዝናውን ያራዝማል፣ ኢንፌክሽንን ይቀንሳል። ጥያቄው የትኛው የሚለው ነው። ኦራክል የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ትልቅ ጥናት ውሃቸው ቀድሞ የፈሰሰ 4826 ሴቶችን በዕጣ ከፋፍሎ ለአንዳንዶቹ ኤሪትሮማይሲን፣ ለሌሎቹ አሞክሲሲሊን-ክላቩላኒክ አሲድ (ኦግመንቲን የሚባለውን)፣ ለሌሎቹ ሁለቱን፣ ለቀሩት ደግሞ ማስመሰያ ክኒን ሰጠ። አሞክሲሲሊን-ክላቩላኒክ አሲድ እርግዝናውን አራዝሟል፤ ነገር ግን ከእነዚህ እናቶች በተወለዱ ሕፃናት ላይ ኔክ ጨመረ። ኋላ የጥናቶቹ ውጤት ተደምሮ ሲታይ ማስመሰያውን ከወሰዱት ልጆች ጋር ሲነጻጸር ጭማሪው ከአራት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኝቷል። የተሰጠው ማብራሪያ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚመታው መድኃኒት የእናቲቱንና የፅንሱን ባክቴሪያ ሚዛን ስለሚያናጋ ጎጂዎቹ ቀድመው በሕፃኑ አንጀት ይሰፍራሉ የሚል ነው። ይህ የምልከታ ጥናት አይደለም፤ በዕጣ የተመደበ ፈተና ነው። ስለዚህም በእርግዝና ወቅት ከሚገኙ የኔክ አጋላጮች ሁሉ ማስረጃው ጠንካራ የሆነውና በሐኪሙ እጅ ሙሉ በሙሉ መቅረት የሚችለው ይህ አንዱ ነው። ጽሑፉ እንደ መከላከያ ማቅረቡ ነገሩን ገልብጦታል።

የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ኤሪትሮማይሲን 250 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ ለ10 ቀን ነው፤ እናቲቱ ቀድማ ከወለደች በዚያው ይቆማል። አሞክሲሲሊን-ክላቩላኒክ አሲድ እንዳይሰጥ ደግሞ በግልጽ ጽፏል። በሌሎች መመሪያዎች መጀመሪያ ለ48 ሰዓት አምፒሲሊን 2 ግራም በየ6 ሰዓቱ በደም ሥር ከኤሪትሮማይሲን ጋር፣ ቀጥሎ ለ5 ቀን በአፍ የሚዋጥ አሞክሲሲሊንና ኤሪትሮማይሲን ይሰጣል። እዚህ ጋር መጠንቀቅ ያስፈልጋል፦ ተራው አሞክሲሲሊንና ክላቩላኒክ አሲድ የተቀላቀለበት በስም ቢቀራረቡም አንድ አይደሉም። አሞክሲሲሊን ያለቀበት ፋርማሲ «ይሄ ይሻላል» ብሎ የተቀላቀለውን ሊሰጥ ይችላል፤ ማዘዣው ላይ «ያለ ክላቩላኒክ አሲድ» ብሎ መጻፍ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚወስደው። ውሃዋ ያልፈሰሰና ኢንፌክሽን የሌለባት፣ ምጥ ብቻ የቀደማት እናት ደግሞ አንቲባዮቲክ በዘልማድ አይሰጣትም።

ይህን የምታነብና መድኃኒቱን ቀድማ የወሰደች እናት ካለች አትደናገጥ። መድኃኒቱን ከወሰዱ እናቶች የተወለዱ ሕፃናት አብዛኞቹ በኔክ አልተያዙም። ለጨቅላ ሕፃናት ክፍሉ መንገር ብቻ በቂ ነው።

«ኢንፌክሽን ስለነበረ ሕፃኑ ሰባት ቀን አንቲባዮቲክ ይወጋ»

ፅንሱንና የእንሽርት ውሃውን የያዙት ሽፋኖች ኢንፌክሽን፣ ማለትም ኮሪዮአምኒዮናይቲስ፣ ከኔክ ጋር ዝምድና አለው። ግን ዝምድናው አንድ ዓይነት አይደለም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመው ድምር ትንተና በእናቲቱ ምልክት ብቻ የታወቀው ኢንፌክሽን ዕድሉን በጥቂቱ እንደሚጨምር፣ ቁጣው ወደ ፅንሱ የተሻገረበት ግን ከሦስት እጥፍ በላይ እንደሆነ አሳይቷል። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ ሙቀጫ መውቀጥ አይገባም።

እንዲህ ያለ ሕፃን ሲወለድ ካልቸር ወስዶ አምፒሲሊንና ጄንታማይሲን መጀመር ተገቢ ነው፤ እዚህ ላይ ክርክር የለንም። ክርክሩ ካልቸሩ ንጹሕ ሆኖ፣ ሕፃኑም ደኅና ሆኖ ሳለ «ለማንኛውም» ተብሎ ሰባት ቀን መድፈኑ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የወጣ ጥናት ከ1000 ግራም በታች የተወለዱ 4039 ሕፃናትን መዝገብ መርምሮ፣ ካልቸራቸው ንጹሕ የሆኑት በመጀመሪያው አንቲባዮቲክ ላይ በቆዩ ቁጥር የኔክና የሞት ዕድል አብሮ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ይህ በምልከታ የተገኘ ስለሆነ ብቻውን አያስፈርድም፤ ነገር ግን ከኦራክል ፈተና ጋር ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማል። የሚሠራው አካሄድ ቀላል ነው፦ መድኃኒቱ ሲጀመር የሚገመገምበት ሰዓትም በካርዱ ላይ ይጻፍ። ከ36 እስከ 48 ሰዓት ላይ ካልቸሩ ምንም ካላበቀለና ሕፃኑ ከተረጋጋ ይቁም። ካልቸር በማይሠራበት ቦታ ውሳኔው በሕፃኑ ሁኔታ ላይ ይወድቃል፤ ከባድ ነው፣ ሆኖም «ስለጀመርነው እንጨርሰው» የሚለው ምክንያት እዚያም አይሠራም።

«ስቴሮይዱ አንጀት ይበሳል»

ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ቀላቅለዋል። አንጀትን በመብሳት የሚጠረጠረው ከተወለደ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለሕፃኑ ራሱ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን ወይም ሃይድሮኮርቲሶን ነው፤ በተለይ ኢንዶሜታሲን ከተባለው መድኃኒት ጋር ሲገጣጠም። የሚያስከትለውም ኔክን ሳይሆን ድንገተኛ የአንጀት መበሳትን ነው፦ በአንድ ቦታ ብቻ የሚከሰት፣ የቀረው አንጀት ጤነኛ የሆነበት፣ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት የሚመጣ ሌላ በሽታ።

ለነፍሰ ጡሯ የሚሰጠው ግን ሌላ ታሪክ ነው። ተመራማሪዎቹ ሊጊንስና ሃዊ እ.ኤ.አ. በ1972 ካሳዩት ጊዜ ጀምሮ ሳንባን እንደሚያጎለምስ ይታወቃል፤ አንጀትንም ያጎለምሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው፣ ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ መርፌውን ባገኙት ላይ ኔክ በግማሽ ያህል ቀንሶ መገኘቱን መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በባንግላዴሽ፣ በህንድ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያና በፓኪስታን ያካሄደው ፈተና ዴክሳሜታሶን የጨቅላ ሞትን ከ23.5 ወደ 19.6 በመቶ ዝቅ እንዳደረገ አረጋግጧል። መጠኑ ዴክሳሜታሶን 6 ሚሊ ግራም በጡንቻ በየ12 ሰዓቱ አራት ጊዜ ነው፤ ቤታሜታሶን ከሆነ 12 ሚሊ ግራም በ24 ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ። ከ24 እስከ 34 ሳምንት ባለው ጊዜ በቅርቡ ትወልዳለች ተብሎ ለሚጠበቅ ይሰጣል። የእርግዝናው ዕድሜ በትክክል መታወቁ፣ እናቲቱ ኢንፌክሽን የሌለባት መሆኑ፣ የምትወልድበትም ቦታ ያለ ጊዜው የተወለደን ሕፃን ማከም መቻሉ ቅድመ ሁኔታዎቹ ናቸው። ይህን መርፌ በተሳሳተ ፍርሃት የተከለከለ ሕፃን በሳንባውም በአንጀቱም ይጎዳል።

የቀሩትን በአጭሩ። በኦፕሬሽን መውለድ ኔክን እንደሚያመጣ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም፤ ለእናቲቱ ወይም ለፅንሱ ሕይወት አስፈላጊ ሲሆን በዚህ ምክንያት አንዲትም ደቂቃ ማመንታት አይገባም። እናት በርበሬ፣ ሽሮ ወይም ጎመን ስለበላች የልጇ አንጀት ይሞታል ማለትም መሠረት የሌለው ነገር ነው። ልጇ በኢንኩቤተር ውስጥ ተኝቶ «ምን በልቼ ይሆን?» እያለች ራሷን የምትበላ እናት ላይ ይህን ሸክም መጨመር ግፍ ነው። ጸሐፊው ሲጋራና ኮኬይን አጋላጭ ናቸው ማለታቸው ግን የሚደገፍ ነው። ምጥን ለማዘግየት ከወሊድ በፊት የሚሰጠው ኢንዶሜታሲን በምልከታ ጥናቶች ከኔክ ጋር መያያዙን መጥቀሳቸውም ተገቢ ነው፤ ስቴሮይዱ እስኪሠራ ጊዜ ለመግዛት ኒፈዲፒን አለ።

ጽሑፉ ያልነካው

በእርግዝና ችግርና በሕፃኑ አንጀት መካከል አንድ ትልቅ ድልድይ አለ፤ ወተት ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የታተመው 926 ሕፃናትን የተከታተለ ጥናት የዱቄት ወተት ብቻ ያገኙት የእናት ወተት ብቻ ካገኙት ከ6 እስከ 10 እጥፍ በበለጠ በኔክ መያዛቸውን አሳየ። እናት ወተት በሌላት ጊዜ እንኳ ከዱቄቱ ይልቅ ከሌላ እናት የተለገሰና በመጠነኛ ሙቀት ከጀርም የጸዳ (ፓስቸራይዝ የተደረገ) ወተት ይሻላል፤ ዱቄቱ ዕድሉን ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ያደርሰዋል። ዱቄቱ ራሱም ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ግድ ሆኖ ሲሰጥ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ውሃ ተበጥብጦ መቀዝቀዝ አለበት።

አሁን ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባትን እናት አስቡ። በኦፕሬሽን ወልዳለች፤ መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌት ተንጠልጥሎላት በሌላ ፎቅ ተኝታለች። ልጇ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። ማንም ጡቷን አላለበላትም። «ግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ ወተቷ አይሰጥ» የሚልም አይጠፋም። በሦስተኛው ቀን የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይከፈታል። ከሳምንታት በኋላ ሕፃኑ በኔክ ሲያዝ መዝገቡ ላይ የሚጻፈው «አጋላጭ፦ የእናት ደም ግፊት» ነው። የተቋረጠው ግን የወተቱ መንገድ ነበር።

ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ሜቲልዶፓ፣ ኒፈዲፒን፣ ላቤታሎልና ሃይድራላዚን ጡት ከማጥባት ጋር ይስማማሉ። ማለብ የሚጀመረው በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት፣ ቢዘገይ በ6 ሰዓት ውስጥ ነው፤ እናቲቱ መነሣት ካልቻለች ነርሷ ወይም እኅቷ በእጅ ታልብላት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከማለቢያ መሣሪያ ይልቅ እጅ ይሻላል፤ እንገሩ ጠብታ ስለሆነ መሣሪያው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፣ በ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ግን ይሰበሰባል። በ24 ሰዓት ከ8 ጊዜ ያላነሰ፣ ሌሊት ቢያንስ አንዴ። ሁለት ሳምንት ሲሞላት በቀን 500 ሚሊ ሊትር የምታልብ እናት ወተቷ ጸንቷል። «ምንም አይወጣም» ተብሎ ሁለተኛው ቀን ላይ የሚቆመው ልበ ሰፊነት አጥተን ነው፤ 2 ሚሊ ሊትር ለ1200 ግራም ሕፃን አንድ ሙሉ ምግብ ነው። የታለበው በክፍል ሙቀት እስከ 4 ሰዓት፣ በፍሪጅ እስከ 4 ቀን ይቆያል፤ ዕቃው ላይ የእናቲቱ ስም፣ ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ከሁሉ በፊት ግን ገና የታለበው ይሰጥ።

ስለዚህ ከእናቶች ክፍል ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል በሚሄደው ወረቀት ላይ «የደም ግፊት ነበረባት» ብሎ ከመጻፍ ይልቅ እነዚህ ይጻፉ፦ የመጨረሻው ዶፕለር ምን ነበር፤ ስቴሮይዱ ስንት መርፌ፣ የመጨረሻው በስንት ሰዓት ተሰጠ፤ ውሃው የፈሰሰው መቼ ነው፤ የተሰጣት አንቲባዮቲክ ስሙ ምን ነው፣ ክላቩላኒክ አሲድ አለበት ወይስ የለበትም፤ ትኩሳት ነበራት ወይ፤ ኢንዶሜታሲን ወስዳለች ወይ። ከሁሉ የሚረሳው የመጨረሻው መስመር ነው፦ ጡቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የታለበው በስንት ሰዓት ነው፣ ስንት ሚሊ ሊትርስ ወጣ።